አፈር ያልተገኘበት ቆፋሪ

ተረቴ መጣች፤ መቀመጫ ስጧትና ስሟት።

ነገር ሁሉ የተበላሸው አንድ የማክሰኞ ገበያ ቀን ነው። በዚያ ቀን በጎች፣ ፍየሎች፣ ዶሮዎችና አይጦች የሚኖሩባትን ከተማ ጅቦች ከበቧት። በሩ ላይ ተኙ፤ መንገዱ ላይ ተኙ፤ ወንዙ ዳር ተኙ።

«እኛ አንቸኩልም» አለ አለቃቸው አያ ጅቦ። «ሲርባቸው ራሳቸው ይከፍቱልናል።»

አንድ ሳምንት አለፈ፤ ሣሩ አለቀ። ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ገብሱ አለቀ። በሦስተኛው ሳምንት የአንዲት እናት በግ ጡት ደረቀ፤ ግልገሏም መቆም አቃተው።

ያኔ ማንም ከቁጥር የማያስገባው ፍልፈል ከጉድጓዱ ብቅ አለ። «ከወንዙ ማዶ እስካለው መስክ ድረስ በምድር ውስጥ መንገድ አወጣለሁ» አለ።

«በምንህ?» አለ አውራ ዶሮ እየሳቀ። «ዓይንህ እንኳ በቅጡ አያይም!»

«በጥርሴ።»

«አፈሩንስ? አያ ጅቦ ትኩስ ክምር ካየ አለቀልን!»

ፍልፈል ጥቂት አሰበ። «እናንተ ዶሮዎች ሁልጊዜ አፈር ላይ ትንከባለሉ የለም እንዴ? እኔ ላውጣ፣ እናንተ እየተንከባለላችሁ በትኑት። በዶሮ መንከባለል ማን ይጠረጥራል?»

ተስማሙ። ቁፋሮው ተጀመረ።

የዋርካ ሥር ገጠመው። «ወዴት ነው?»

«የራበው አለ፤ አሳልፈኝ።»

«አላሳልፍም!» ፍልፈል ሦስት ቀን ቆረጠመው፤ አለፈ።

ውሃ ገጠመው። «ወዴት ነው?»

«የራበው አለ፤ አሳልፈኝ።»

«አሰምጥሃለሁ!» ፍልፈል ሦስት ቀን በአፍንጫው ጭቃ እየደፈነ፣ ከሥሩ ዝቅ ብሎ አለፈ።

ድንጋይ ገጠመው። «ወዴት ነው?»

«የራበው አለ፤ አሳልፈኝ።»

ድንጋይ ሳቀ። «እኔን ያለፈ ጥርሱን ትቶ ነው።»

«እንግዲያስ ያዘው» አለ ፍልፈል። ሦስት ቀን ፋቀው። ሁለት ጥርሱ ተሰበረ፤ አለፈ።

በዐሥረኛው ቀን የመስኩ ብርሃን ወደ ጉድጓዱ ገባ። አይጦች ገብስ በጉንጫቸው፣ ፍየሎች ሣር በአፋቸው ይዘው ተመላለሱበት። የበጊቱ ግልገል ቆመ፤ ውሎ አድሮም ዘለለ። ጅቦቹ ግን በሩ ላይ እንደተኙ ከሱ።

«የከበብነው እኛ፣ የራበን እኛ! ይሄ ምን ጉድ ነው?» አለ አያ ጅቦ፤ ጭፍራውን ሰብስቦ ሄደ።

በማግስቱ ከተማው ተሰበሰበ። አውራ ዶሮ አጥር ላይ ወጥቶ ፎከረ፦ «ምድርን የሰነጠቅሁ እኔ! ከተማን ያበላሁ እኔ!»

«ኧረ የቆፈርሁትስ እኔ ነኝ!» አለ ፍልፈል ከታች።

ዳኞቹ፣ ሦስት ሽማግሌ በጎች፣ ሁለቱን አቁመው አገላብጠው አዩ። አውራ ዶሮ ከላባው እስከ ጥፍሩ አፈር በአፈር ነው። የፍልፈል ጸጉር ግን አፈር አይዝም፤ ዕድሜ ልኩን ቢቆፍር እንደታጠበ ነው።

«የቆፈረ አፈር አይጠፋበትም» ብለው ፈረዱ። መንገዱም «የአውራ ዶሮ መንገድ» ተባለ።

«ጥርሴንስ እዩ እንጂ!»

«እርጅና ነው» አሉት። ግልገሏ የዳነላት በጊት እንኳ ዝም ብላ ሣሯን ታኝክ ነበር።

ለካ ዳኛ የሚያየው የተቀባውን እንጂ የሠራውን አይደለም!

ፍልፈል ግን አልተወም። በየዓመቱ ሽማግሌዎቹ ፊት ይቆማል።

«ዝም አይነቅዝም፤ ተወው ወንድሜ» ይሉታል።

«ዝም ያላችሁት እናንተ፣ የነቀዝሁት እኔ! በላችሁ፤ ልጆቻችሁን አሳደጋችሁ። ያን መንገድ ማን ቆፈረው? ዛሬ መልሱልኝ!»