ቤቶች!

ተረት ተረት፣ ጆሮ ያለው ቀረብ ይበል።

ዝናቡን ስንጥቅ በሚውጥበት የኖራ ድንጋይ አምባ ላይ አያ ዝንጀሮና እመት ኤሊ ውሃ ጠማቸው። ከአምባው ሥር ባለ ዋሻ ግን ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል።

ጨዋው ዝንጀሮ ቀድሞ ደረሰና ደጃፉ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ተጣራ። «ደጆች!» የሚል መልስ ሲጠብቅ፣ ዋሻው «ቤቶች!» ብሎ መለሰለት።

ኤሊ እየተንፏቀቀች ስትደርስ፣ «ውስጥ ያለውም እንደኛው እንግዳ ነው፤ ይጣራል። ባለቤቱ ሳይመጣ ሰው ቤት አይገባም» አላትና ከንፈሩን እየላሰ ተቀመጠ።

«ታዲያ ያ ምስኪን ሲጣራ ዝም ይባላል?» አለች ኤሊ። አንገቷን አስግጋም «ደጆች!» አለች።

ዋሻው «ደጆች!» አለ።

«ይኸው፣ ግቡ ተባልን።»

«የተባልሽው አንቺ ነሽ። እኔን ማን ጠራኝ?»

ኤሊ ገብታ ጠጣች። ዝንጀሮ ጥሙ ሲብስበት እንደገና «ቤቶች!» አለ። ከውስጥ አንድ የረጠበ ድምፅ «ደጆች! ይግቡ!» አለው።

ገብቶ እስኪበቃው ጠጣና ዙሪያውን አየ። ከኤሊ በቀር ማንም የለም።

«ባለቤቱ የታሉ?»

«እንጃ፣ አያ ዝንጀሮ። እስኪመጡ ድረስ ግን ለሚጣራው እኔ እመልሳለሁ።»

እኔም ተረቴን ከደጃችሁ አደረስኩ።