ሙሾ የሚያወርደው ሣጥን

አንድ ሀብታም ነበረ። ጎተራው በእህል፣ በረቱ በከብት የሞላ ሰው ነበረ፤ ዓይኑ ግን የሚያርፈው ሰው አፍ ላይ ነበር።

ምንትዋብ፣ አትቁነጥነጪ። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። ለሠርግ የገጠምሽውን ሁሉ ያ ግጥም የሚገጥም ማሽን ያለው ኩባንያ ሳይጠይቅሽ ወስዶ ለማሽኑ አበላው፤ ማሽኑም ያንኑ እየቀጣጠለ ለሰው ይሸጣል። አንቺ የራስሽን ግጥም በስልክሽ ብትለቂው ደግሞ «ባለቤቱ ሌላ ነው» ብለው ከገጽሽ አነሱብሽ። አሁን ደግሞ «ተስማምቻለሁ የሚለውን ተጫኚና እንመልስልሻለን፤ ከዛሬ ወዲያ የምትገጥሚውም የእኛ ይሆናል» አሉሽ። ልጫን ወይስ አልጫን ነው የምትይኝ። ስልኩን አስቀምጪና አድምጪኝ፤ እሱ ሲያበራና ሲያጠፋ እኔ አልናገርም።

ሀብታሙ በሚኖርበት አገር አንዲት ሙሾ አውራጅ ነበረች። ሰው ሲሞት ልቅሶውን የምትመራ፣ ግጥም እየደረደረች ሌላውን የምታስለቅስ ሴት። አንድ ልማድ ነበራት። ልቅሶ ቤት ስትደርስ በቀጥታ ድንኳን አትገባም። በጓሮ ዞራ ወጥ ከሚሠሩት ሴቶች ጋ ትቀመጥና ትጠይቃለች። ሟቹ ምን ይወድ ነበር? ከማን ተጣልቶ ሳይታረቅ ቀረ? ሲስቅ እንዴት ነበር? ይህን ሳትጨርስ አፏን አትከፍትም። ከከፈተች በኋላ ግን ዕንባ የማያውቀው ጎረምሳ ሳይቀር ፊቱን በጋቢው ይሸፍናል።

ሀብታሙ ከልቅሶ ቤት የማይጠፋ ሆነ። ሰው «እንዴት ያለ ደግ ነው!» አለ። ምን ደግ! በጋቢው ሥር ድምፅ የሚውጥ ሣጥን ይዞ ነው የሚመጣው። እሷ ያወረደችውን ሁሉ ሣጥኑ ዋጠ። ሁለት ክረምት እንዲህ አደረገ።

ከዚያ ሣጥኑን አደባባይ አወጣው። የሟቹን ስም ሲነግሩት፣ እሷ ለአንዱ ያለችውን ለሌላው ካለችው ጋር ቀጥሎ፣ ስሙን መሃል ሰክቶ ያወርዳል፤ ያውም በእሷው ድምፅ። «አይደክመው፣ ጉሮሮው አይዘጋ፣ ምሳ አይጠብቅ» አለ ሀብታሙ። ሰውም ወደደው። መጀመሪያ በነፃ ነበር። ሰዉ ለምዶ እሷን መጥራት ሲተው ግን ሣጥኑ ፍየል ካልተከፈለበት አይመጣም ተባለ።

ሙሾ አውራጇ ቤቱ ድረስ ሄደች። «የእኔን ቃል ማን ውሰድ አለህ?» አለችው።

«እሜቴ፣ ከአፍ የወጣ ቃል ነፋስ ነው» አላት እየሳቀ። «ነፋስ ደግሞ የማንም አይደለም።»

ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከሳምንት በኋላ ጎረቤቷ ሞተና ሄዳ አለቀሰችለት። መሃል ላይ፣ ባሏ የሞተ ጊዜ ያወረደችውን ግጥም አነሣች። ይኼኔ ሀብታሙ ከመቀመጫው ተነሥቶ ጮኸ፤ «አቁሚ! ይህ እኮ በሣጥኔ ያለ ነው። የእኔን ንብረት በማን ፈቃድ ታነሺያለሽ?» ለቀስተኛው ደነገጠ። ነገሩም ሽማግሌ ፊት ቀረበ።

ሽማግሌዎቹ የሀብታሙን ጠላ እየጠጡ ነበር የሚዳኙት። እሷ ቆማ እንዲህ አለች፦ «ከአፌ ሲወጣ ነፋስ ነው አለኝ። እሺ፣ ነፋስ ይሁን። ታዲያ ሣጥኑ ውስጥ ሲገባ ነው በሬ የሆነው? እኔ ጋ ሲሆን ባለቤት የለውም፤ እሱ ጋ ሲሆን ጠባቂ ቆመለት?»

አንደኛው ሽማግሌ ጢሙን ጠራረገና «ነገር አታብዢ። ባወረድሽ ቁጥር እሱን አስፈቅጂ። ይፈቅድልሻል፤ ደግ ሰው ነው» አላት።

«የባሌን ሙሾ ለማልቀስ እሱን ላስፈቅድ? አላደርገውም!» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥጥ እየፈተለች ኖረች። ቀላል እንዳይመስልሽ። አፏ ተለጎመ ብለው ያላገጡባት ነበሩ። በመንገድ ስታልፍ የራሷ ድምፅ ከሰው ድንኳን ሲያለቅስ ትሰማለች፤ ሰምታም ታልፋለች። ፈቃድ ልትለምን ግን ወደዚያ ሰው ደጅ አልሄደችም።

በሁለተኛው ዓመት የሀብታሙ እናት ሞተች። ድንኳን ተተከለ፤ አገሩ ተሰበሰበ። ሣጥኑ መሃል ላይ ተቀምጦ ጀመረ፦

«እጇ የማይታጠፍ፣ ደጇ የማይዘጋ፣
ለመጣ ለሄደ ሌማት ስትዘረጋ።»

ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። ሴትዮዋ ምሳ ሲደርስ በሯን በመዝጋት ነበር የምትታወቀው፤ አገር በሙሉ ንፉግ ናት ይላት ነበር። አንዱ በጋቢው ሥር ፍርፍር ብሎ ሳቀ። አጠገቡ ያለው «ኧረ ዝም በል!» አለውና ራሱ ባሰበት። ሣጥኑ ምን ያውቃል፣ ቀጠለ። «አሥር ልጆች ወልዳ» አለ። የወለደችው እሱን ብቻ ነው። ልቅሶ ቤት ውስጥ ሳቅ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? አያሰማሽ።

ሀብታሙ ዕንባ እንቢ አለው። የሚያለቅስላት እናቱ እዚያ ግጥም ውስጥ የለችም። እናቱን ያላለቀሰ ልጅ መባሉ ብቻ አይደለም፤ ኀዘኑ ደረቱ ላይ ድንጋይ ሆኖ ቀረ። ከድንኳኑ ወጥቶ በእግሩ ወደ ሙሾ አውራጇ ቤት ሄደ።

እንዝርቷን ሳታስቀምጥ «ምን ፈለግህ?» አለችው።

«እናቴን አልቅሽልኝ።»

«ምነው፣ ሣጥንህን አመመው?»

«በእናትሽ፣ እሜቴ!»

«እኔ እኮ ፈቃድ የለኝም።»

«ፈቅጃለሁ፤ ይኸው ፈቅጃለሁ።»

«አንተ ማነህና ነው የምትፈቅደው?» አለች። «በሰው ፊት ቁምና ቃሉ የማን እንደሆነ ተናገር። ያኔ እመጣለሁ።»

ሄዶ ቆመ። በእናቱ ድንኳን መሃል፣ አገር እየሰማ፣ «በሣጥኑ ያለው የእሷ ነው። ሳልጠይቃት ወሰድኩ። ነፋስ ነው ያልኩትም ውሸቴን ነው» አለ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬቱን አዩ።

እሷም መጣች፤ እንደ ልማዷ በጓሮ ዞራ ሴቶቹ ጋ ተቀመጠች። አንዲት ያረጀች የቤቱ ሠራተኛ የማንም ሰው ጆሮ ያልደረሰውን ነገረቻት። በክፉው ዘመን፣ ልጇ ገና ሲድህ፣ ሟቿ ምሳ ሲደርስ በሯን የምትዘጋው የምትበላው እንደሌላት ሰው እንዳያይባት ነበር። ኋላ ሀብት ሲመጣ እጇ ለምዶ መዝጋቱን አልተወችም። ሙሾ አውራጇ ይህን ሰምታ ድንኳን ገባችና አወረደች፦

«በሯን ዘግታ በላች ብላችሁ ስታሙ፣
ሞሰቧ ባዶ ነው፣ ዛሬስ ከእኔ ስሙ።»

ሀብታሙ ይህን አያውቅም ነበር። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። የሳቁትም ሰዎች አለቀሱ።

አየሽ ምንትዋብ፣ ኩባንያሽ ያ ሀብታም ነው። ሲወስድ «አደባባይ ላይ ያለ የማንም አይደለም» ይላል፤ ከወሰደ በኋላ «የእኔ ነው፣ አትንኪ» ይላል። ሁለቱ አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም፤ ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ማሽኑን እየረገምኩ አይደለም። ሣጥን ሣጥን ነው፤ ያበሉትን ይተፋል። እኔ የምልሽ ስለ ሰዎቹ ነው። ያችን «ተስማምቻለሁ» ስትጫኚ ግጥምሽን አስመለስኩ ትያለሽ፤ የፈረምሽላቸው ግን ነገ አፍሽን ለመክፈት እነሱን ልታስፈቅጂ ነው።

የወሰዱት እስከ ትናንት ያልሽውን ነው። እሑድ የምትገጥሚላትን ሙሽራ አያውቋትም። እናቷን ጥላ ላለመሄድ ሠርጉን ሦስት ጊዜ እንዳዘገየች የሚያውቀው ማን ነው? አንቺ ነሽ። ያንን ግጠሚ፤ ዘመዶቿ ፊት ቆመሽ በይው።

ምን አልሽ? «እንቢ ካልኩ የተነሣው ተነሥቶ ይቀራል?» አዎ፣ ለጊዜው ይቀራል። አልዋሽሽም፤ ያቺም ሴት ከዓመት በላይ ጥጥ ፈትላለች። ግን ቁጭ ብለሽ አትጠብቂ። እንደ አንቺ የተወሰደባቸውን ፈልጊ፤ አንድ ላይ ሆናችሁ አቤት በሉ፤ ሰው በሚሰማበት ጩኹ። እነዚህ ሰዎች የሚፈሩት ሕዝብ ፊት «የማን ነው?» መባልን ነው።

አሁን ስልኩን አንሺ። አዎ፣ አሁን አንሺው። «አልሰጠሁም» ብለሽ ጻፊና ላኪላቸው። እዚሁ ፊቴ ጻፊው። እኔ ፊደል ብዙ አልቆጠርኩም፤ እሱን አንዱን ቃል ለማንበብ ግን አላንስም።