ላሚቱ የተኛችበት ደጅ

በግሪክ አገር የንጉሥ ልጅ ከዙፋን በበዛበት ዘመን፣ ክሌዮዶን የሚባል ዙፋን ያልደረሰው ልዑል ነበር። ጠንቋይ "ላም ተከተል፤ በተኛችበት ከተማህን ቆርቁር" ስላለው ወታደሮቹን አስከትሎ ከላም ኋላ ሲዞር ዋለ። ላሚቱም ሲደክማት ከአንዲት ምላሰኛ ባልቴት ደጅ ላይ ተኛች።

"አንቺ ሴት፣ ውጪ!" አለ ልዑሉ በደስታ። "ጎጆሽ ይፈርሳል፤ ቤተ መንግሥቴ የሚሠራው እዚህ ነው። አማልክት በላሚቱ ተናግረዋል።"

ወታደሮቹ ዶማ አነሡ። ባልቴቲቱ ዕድሜዋን የኖረችባትን ጎጆ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ገብታ እፍኝ ጨው አመጣችና ላሚቱን ትንሽ አላሰቻት፤ የቀረውን ወደ ቁልቁለቱ በተነችው። ላሚቱ ብድግ ብላ ጨዉን እየላሰች ወረደች።

"ምን አደረግሽ?" ብሎ ጮኸ ልዑሉ።

"እኔ ምን አውቃለሁ ጌታዬ፣ አማልክቱን ይጠይቁ" አለች እጇን እያራገፈች። "አሁን ግን ይሩጡ፤ ከተማዎ እየሄደችብዎ ነው!"