ለጊንጥ የተሰጠ አዳራሽ

ዱሮ ነው ልጆቼ፤ እንስሳ ሲናገር ሰው ይሰማ በነበረበት ዘመን። አንዳንዱ ሰው ያኔም አይሰማም ነበር፤ የምነግራችሁም ስለ እሱ ነው።

ከወንዝ ማዶ በነበረ አንድ አገር የሰው ክብር የሚለካው በሚያሳድገው አውሬና በአውሬው ግቢ ስፋት ነበር። ቀኛዝማች ገብረየስ አንበሳ ነበራቸው፤ ግቢውን ለመዞር በቅሎ ይደክማታል። ጎረቤታቸው ባላምባራስ ደንበሩ ቅናት አንጀታቸውን ቆረጠው። ግን አንበሳ በሬ ይበላል፣ ባላምባራስ ደግሞ ለእንግዳ ዶሮ ሲታረድ እንባ የሚቀድማቸው ሰው ነበሩ። አሰቡ፣ አወጡ፣ አወረዱ። እንደ አንበሳ የሚፈራ፣ እንደ ወፍ የሚበላ ምን አለ? ድንጋይ ቢያነሱ እሜት ጊንጢትን አገኟት።

መጀመሪያ በቀንድ ዋንጫ ውስጥ፣ አሸዋ አነጠፉላትና አስቀመጧት። ጊንጢት ጀርባዋን ከዋንጫው ግድግዳ አስጠግታ፣ «እፎይ፣ ልኬ ነው» አለች። የጣሉላትን ፌንጣም ላፍ አደረገች።

ታዲያ አንድ ምላሰኛ ጎረቤት መጣና፣ «የቀኛዝማች አውሬ ግቢ አለው፤ የእርስዎ አውሬ ዋንጫ ውስጥ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ባላምባራስ ደማቸው ፈላ። ወዲያው ወደ እንስራ አዛወሯት።

«ጌታዬ፣ ሰፋኝ» አለች ጊንጢት።

«ክብር አይሰፋም!» አሉ ባላምባራስ።

ከእንስራው ወደ ጎተራ ሆነ። ጤፉ ሜዳ ላይ ተደፋ፣ ጊንጢት ጎተራ ገባች። ፌንጣው ከዳር ዳር እየዘለለ ይጫወታል፣ እሷ ስታባርር ትውላለች። ከስታ ጅራቷ ብቻ ቀረ።

«ጌታዬ፣ ሰፋኝ። ከኔ ይልቅ ምሳዬ ተመቸው እኮ።»

«ክብር አይሰፋም!»

በዚህ መሀል የባላምባራስ ልጅ ስንዱ ታጨች። ለማን ብትሉ፣ ለዚያው ለባለ አንበሳው ለቀኛዝማች ልጅ። ስንዱ ልጁን ወዳው ነበር፤ እናቷ ወይዘሮ አትጠገብም ከደስታ ብዛት እንቅልፍ አጥተዋል። ባላምባራስን ያሳሰባቸው ግን ሌላ ነው፤ አማቾቹ መጥተው ጊንጢትን በጎተራ ሊያዩዋት! ስለዚህ ሰርጉ የሚደገስበትን አዳራሽ ለጊንጢት ሰጧት።

«ጊንጥ ከሙሽራ ጋር?» ብለው ጮኹ ወይዘሮ አትጠገብ።

«ጥጉን ትይዛለች፣ ማንን ትነካለች?»

«ጥጉ የት ነው ጌታዬ?» አለች ጊንጢት ከወለሉ መሀል። «አይታየኝም እኮ። ሰፋኝ!»

«ክብር አይሰፋም!»

በሰርጉ ጠዋት ባላምባራስ ሊጎበኟት ቢገቡ ጊንጢት የለችም። ወለሉ ላይ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። «እሜት ጊንጢት!» እያሉ ቢጣሩም አልተገኘችም። ከምሰሶ ላይ የተሰቀለውን አዲስ እጀ ጠባባቸውን መንጭቀው እየሮጡ ወጡ፤ ደጅ ሆነው ለበሱትና ለሚስታቸው ነገሯቸው።

«ዋ! ትንፍሽ እንዳይሉ» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ። «አማቾቹ ጊንጥ ላይ ሊያስቀምጡን ነበር ካሉ ልጄን ጥለዋት ይሄዳሉ። ብቻ እንዳይገቡ ያድርጉ፣ እኔ ድግሱን ሜዳ ላይ አወጣለሁ።»

ይህን ሲሉ እልልታው ደረሰ። መቼም ታውቃላችሁ፣ ሙሽራው ሲመጣ የሴቷ ወገን እየዘፈነ በር ይዘጋል፣ ሚዜዎቹም እየገፉ ይገባሉ። የውሸት ጥል ነው። ባላምባራስ ልጃገረዶቹን ገፍተው በሩ ላይ ክንዳቸውን ዘርግተው ቆሙ።

«እንዳትገቡ! በእግዜር ይዣችኋለሁ፣ እንዳትገቡ!»

«ኧረ እኚህ ሰውዬ ወግ ያውቃሉ!» አሉ ሚዜዎቹ ተደስተው፣ ይብሱንም ገፉ።

«የእውነቴን ነው!»

«እንባ እኮ አውጥተዋል! እንዲህ ያለ አማት ከየት ይገኛል?» አሉና የበለጠ ገፉ።

ይህን ጊዜ ከባላምባራስ እጅጌ ውስጥ፣ ክርናቸው አካባቢ፣ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ጌታዬ፣» አለች ጊንጢት፣ «ገና አሁን ቤት ሰጡኝ። ከላይም ከታችም ይነካኛል። ልኬ ነው።»

ባላምባራስ ወደ እጅጌያቸው ጎንበስ ብለው፣ «ው... ውጪልኝ» አሉ በሹክሹክታ።

«የትም አልወጣ። ክንድዎን ብቻ እንዳያጥፉ። ካጠፉት ይጠበኛል፤ ከጠበበኝ ደግሞ አመሌን ያውቃሉ።»

እንግዲህ አዳራሹ ባዶ ነው፣ እንግዳው ቢገባ ምንም የለበትም። ባላምባራስ ግን ከበሩ መነቃነቅ አቃታቸው። ሚዜው በብብታቸው ሥር እያጎነበሰ ገባ፣ ሽማግሌው አጎነበሰ፣ ሙሽራው አጎነበሰ። ሜዳ ሊወጣ የነበረው ምግብ እዚያው አዳራሹ ውስጥ ሲቀርብም እንደተዘረጉ ናቸው፤ «ለክብራችን ቆመው ዋሉ!» እያለ ሰው ሁሉ እየተነሳ ያጎርሳቸው ጀመር። ልጃቸው ከሙሽራው ጎን ተቀምጣ በኩራት ታያቸዋለች። ባላምባራስ እሷን ሲያዩ ለመጀመሪያ ጊዜ አንበሳውንም አዳራሹንም ረሱ፤ የፈሩት ሰርጓ እንዳይበላሽ ብቻ ነበር። ጥርሳቸውን ነክሰው ቻሉት።

በኋላ ቀኛዝማች ገብረየስ ልባቸው ተነካ። «ወንድሜ!» ብለው ተነሱና የልጃቸውን አማት ከነክንዳቸው ጥምጥም አድርገው አቀፏቸው።

«ጠበበኝ» አለች ጊንጢት።

ባላምባራስ ወደ ላይ ዘለሉ! ትከሻቸው ለብቻው፣ አንገታቸው ለብቻው፣ እግራቸው ለብቻው ሄደ። «ወይኔ! ወይኔ!» ሲሉ ከበሮ መቺው ምቱን ያዘላቸው። «እስክስታ እንዲህ ነው!» ብሎ ሰርገኛው ግልብጥ ብሎ ወጥቶ አብሮ ዘለለ፤ ቀኛዝማችም «ወይኔ!» እያሉ ተቀበሉ። እንዲህ የደመቀ ሰርግ በዚያ አገር አልታየም።

ጊንጢት ከእጅጌው ዱብ ስትል ወይዘሮ አትጠገብ ቶሎ የሰባራ ገንቦ ገል ደፉባት፤ ከነገሉ ወስደውም ከአጥሩ ሥር አኖሯት። እዚያው ወፈረች። ስንዱም በእልልታ ተሸኘች። የባላምባራስ ክንድ ግን እንደ ቅል አብጦ ሰነበተ፤ ሙሽሮቹ ሊጠይቋቸው ሲመጡ በሌላኛው ክንድ ነበር ያቀፏቸው።

እኔ ይኸው አወራሁ፤ እናንተ ከመልበሳችሁ በፊት አራግፉ። የዚያ አገር ሰውም ከዚያ ወዲህ እንዲህ ይላል፦

አዳራሽ ቢሰጧት ጊንጥ፣
ከጌታዋ እጅጌ ሽጉጥ።