አንድ ይቅርታ ለሦስት መነኮሳት

በአንድ ወቅት፣ ነገሥታት ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ድንኳን እየተከሉ በሚኖሩበት ዘመን፣ ደብረ ሣህል በሚባል ተራራ ላይ አባ ይምርሐ የሚባሉ አበምኔት ነበሩ። ጺማቸው ከመርዘሙ የተነሳ እሳቸው ቅዳሴ ገብተው ጫፉ ገና ደጅ ላይ ነበር ይባልላቸዋል። ሁለት ሹማምንት ከተጣሉ አባ ይምርሐ መካከል ይገባሉ። ንጉሥ ከተቆጣ አባ ይምርሐ ይወርዳሉ። ባልና ሚስት በወጥ ጨው ቢኳረፉ እንኳ አባ ይምርሐ ይጠራሉ። ግዝታቸውን የሚፈራው ሰው ብቻ አልነበረም፤ ዝንጀሮ እንኳ በገዳሙ ማሽላ አጠገብ ሲያልፍ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነው።

እኒህን የመሰሉ ሰው ከገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው ደጅ ውጭ አርባ ቀን ቆመው፣ ዓይናቸውን ከመሬት ማንሳት እንዴት አቃታቸው? ነገሩ እንዲህ ነው።

ንጉሡ ከወንዙ ዳር ሰፍረው ለሠራዊቱ በሬ ከየቤቱ እንዲሰበሰብ አዘዙ። ግንቦት ሊወጣ ነው፤ እርሻ ደርሷል። የአገሩ ሹም አምኃ «ዘሩ መሬት ይግባና በሬዎቹ ይወሰዱ» አለ። ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል አልጨመረም። ቃሉ ግን ወደ ድንኳኑ ሲወርድ መንገድ ላይ አደገ፣ ጎረመሰ፣ ጦርና ጋሻ ይዞ ደረሰ። አምኃ ሸፈተ ተባለ። ዘጠኝ መቶ በሬ በግድ ተነዳ፣ አምኃም ነፍሱን ሊያድን ወደ ተራራው ሮጠና የገዳሙን ደወል መታ።

የደብረ ሣህል ደወል በገመድ የተንጠለጠለ ድንጋይ ነው። ሥርዓቱን አገር ያውቀዋል። ደወሉን መትቶ የተማጸነን ሰው፣ ድምፁ እስከሚሰማበት ድረስ ንጉሥም ቢሆን አይነካውም። ታዲያ ሰው ዕድሜ ልኩን ደወል ሥር ተቀምጦ አይኖርም። አባ ይምርሐ ሁለት ወንድሞቻቸውን ጠሩ። አንዱ የገዳሙ መጋቢ አባ ጽጌ ናቸው፤ አንዲት ባቄላ ከአቁማዳ ብታመልጥ ቆላ ድረስ ተከትለው የሚመልሷት። ሌላው የንጉሡ የንስሐ አባት አባ ኖላዊ ናቸው፤ ሲቆጡ የድንኳን ካስማ ይነቀላል።

«እኔ ኩታዬን ከኩታው ቋጥሬ ንጉሡ ዘንድ አወርደዋለሁ» አሉ አባ ይምርሐ። «አባ ጽጌ፣ አንቱ ደወሉን ሳያቋርጡ ይምቱ። ድምፁ ወንዙ ድረስ ይሰማል፤ ስለዚህ መንገዱ ሁሉ መማጸኛ ሆነ ማለት ነው።»

«ክንዴ ቢዝልስ?»

«በግንባርዎ ይምቱት፤ ከድንጋዩ አያንስም።»

«እኔስ?» አሉ አባ ኖላዊ።

«አንቱ ቀድመው ይውረዱና የምሕረቱን ቃል ከንጉሡ አፍ ያውጡ። እኛ ስንደርስ ደጅ ላይ ይጠብቀን።»

የአምኃ ሚስት ጽዮን ሞገሳ የአበምኔቱን መስቀል ተሳልማ ቀና አለች። «አባቴ፣ በሕይወት ይመልሱልኛል?»

«ልጄ፣ እሱን ከሚነኩት እኔን ይግደሉኝ!» አሉ። ይህን ያሉት አገር በሞላ እየሰማ ነው።

ወረዱ።

አባ ጽጌ ደወሉን ይዘው ቀሩ። ሲመቱ ከሩቅ አገር የሚሰሙት «የማን ሠርግ ነው?» ይሉ ነበር። ነገር ግን የአምኃን ሹመት የሚመኝ አንድ የጦር አለቃ፣ ንጉሡ ሳያዙት፣ ከገዳሙ ሥር ያለውን መንደር ከበበ። ሰዎቹን እየቤታቸው ዘጋባቸውና ለአባ ጽጌ መልእክተኛ ሰደደ። «ደወሉ ካልቆመ የመንደሩን ስድሳ ጎጆ አቃጥላለሁ» አለ። አባ ጽጌ ቁልቁል ተመለከቱ። የክዳኑ ሣር ደርቋል፤ ችቦው በርቷል፤ ውስጥ ሕፃን ይጮኻል። ድንጋዩን እንደሚያለቅስ ልጅ በሁለት እጃቸው አቅፈው ዝም አሰኙት። ችቦው ጠፋ፤ አንድ ጎጆ አልተቃጠለም።

አባ ኖላዊ በበኩላቸው ድንኳኑ ገብተው «ጃንሆይ፣ አምኃን ይማሩልኝ» አሉ። ንጉሡ ያን ቀን ልባቸው ቅቤ ሆኖ ነበርና «እንግዲህ እርስዎ ካሉ…» ብለው ጀመሩ። አባ ኖላዊ ቅቤውን አዩና ቂጣም አማራቸው።

«በሬዎቹንም ይመልሱ። አለዚያ ከኃጢአትዎ አልፈታዎትም።»

«አባታችን! ለአንድ ሰው መጥተው ዘጠኝ መቶ በሬ ይጠይቁኛል?»

«ሰውየውስ ለማን ብሎ ተጣላ?»

ክርክሩ ረዘመ። ፀሐይዋ ከድንኳኑ ፊት ተነስታ ወደ ጀርባው ዞረች። በመጨረሻ ንጉሡ በላብ ተጠምቀው «በሬዎቹም ይሂዱ፣ ሰውየውም ይማር!» አሉ። ዘጠኝ መቶው በሬ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከበሬዎቹ ሁለቱ ከደስታ ብዛት ዘፍነዋል የሚሉ አሉ፤ አንደኛው ድምፁ ጥሩ ነበር። አገሩ በጊዜው አርሶ በጊዜው ዘራ።

አባ ይምርሐ ደግሞ ከአምኃ ጋር ተቋጥረው ቁልቁለቱን ጨርሰው ነበር። ድንገት ደወሉ ዝም አለ። ጆሯቸው የተደፈነ መስሏቸው በጣታቸው ጎረጎሩት። ከቁጥቋጦው የዚያ የጦር አለቃ ወታደሮች ወጡ።

«አባታችን፣ ከደወሉ ወጥታችኋል።»

«ተቋጥረናል!»

«ይፍቱት። ካልፈቱት ሁለታችሁም ባንድ ሰይፍ ናችሁ።»

አባ ይምርሐ ‘ድንኳኑ ቅርብ ነው፤ ሮጬ ምሕረቱን አመጣለታለሁ’ ብለው አሰቡ። እውነት ነው፣ አስበዋል። ይህን ከማሰባቸው በፊት ግን እጃቸው ቋጠሮው ላይ ነበር። ቋጠሮው ጠበቀ። ጣታቸው በላብ ተንሸራተተ። በጥርሳቸው ያዙት።

አምኃ ጎንበስ ብሎ አያቸው። «ቀስ ይበሉ አባቴ፣ ጥርስዎን ያምዎታል» አለ።

ተፈታ። አባ ይምርሐ ሮጡ። ጺማቸው እግራቸው ውስጥ እየገባ ሦስት ጊዜ ጣላቸው። ከድንኳኑ ሲደርሱ የምሕረቱ መለከት እየተነፋ ነው። መለከተኛውን አስከትለው ተመለሱ። ከአምኃ ያገኙት በድኑን ነው። ይህን እንኳ ማጋነን አይቻልም።

የጦር አለቃው ቅጣቱን ከንጉሡ እጅ አገኘ፤ የእሱ ነገር አያከራክርም። የሚያከራክረው የተራራው ነው። በደብረ ሣህል ሥርዓት፣ አባቶች ደም ካለባቸው፣ የሟች ቤተሰብ ይቅር ሳይላቸው የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አይከፈትም። ሥርዓቱን ያወጡት አባ ይምርሐ ራሳቸው ናቸው፤ ያወጡት ግን ለሌላ ሰው መስሏቸው ነበር። አርባ ቀን ቅዳሴ ቀረ። ልጅ የወለዱ እናቶች ሕፃናቱን ሳያስጠምቁ ከደጅ ይመለሳሉ። አባ ይምርሐ ሰው ሲሳለማቸው መስቀላቸውን ይሸሽጋሉ። እንጀራ ሲያቀርቡላቸው ለጉርሻ አፋቸውን ከፍተው፣ ጥርሳቸው ትዝ ሲላቸው መልሰው ይዘጉታል።

በአርባኛው ቀን ጽዮን ሞገሳ መጣች። በአገሩ ልማድ በደለኛ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ተበዳይ እግር ላይ ይወድቃል፤ ተበዳይም ይቅር ካለ ያወርድለታል። ድንጋይ ቀርቦ ነበርና ሦስቱም ዘለሉበት።

«የእኔ ነው!» አሉ አባ ይምርሐ።

«ይልቀቁ፣ እኔ ነኝ ያዘገየሁት!» አሉ አባ ኖላዊ።

አባ ጽጌ በሁለት እጃቸው ይጎትታሉ።

«አባቶቼ፣ ለውርደቱም እሽቅድምድም ያዛችሁ?» አለች ጽዮን ሞገሳ። ሦስቱም ለቀቁት። «የሞተብኝ አንድ ሰው ነው፤ ያለኝም አንድ ይቅርታ ነው። ለሦስት ብቆርሰው ለማናችሁም አይደርስም። ከጫንቃው የማወርደው ለአንዱ ብቻ ነው። እሱ ደጁን ይክፈት፤ ሁለቱ በትራቸውን ጥለው ከዚህ ተራራ ይውረዱ። አሁን ንገሩኝ፤ ያ ቀን ዛሬ ቢሆን ምን ታደርጋላችሁ?»

«ዛሬም ደወሉን አቅፈዋለሁ» አሉ አባ ጽጌ። «ባልሽን አላየሁትም፤ ቤቶቹን ግን አያቸው ነበር። እንቅልፍ ግን የለኝም።»

«ዛሬም በሬዎቹን እጠይቃለሁ» አሉ አባ ኖላዊ። «ግን አሳጥሬ።»

«አባ ኖላዊና ማሳጠር!» አለ አንዱ ከኋላ። የሳቀለት የለም።

«እኔ ዛሬ አልፈታውም» አሉ አባ ይምርሐ። ቀጥሎ ድምፃቸው ወረደ። «ያን ቀንም እንዲህ ብዬሽ ነበር።»

ጽዮን ሞገሳ ወደ ሕዝቡ ዞረች። «እናንተ ፍረዱ።»

አንድ ገበሬ «አባ ጽጌ…» ብሎ ሲጀምር ሚስቱ በክርኗ ደቆሰችው፤ ጎጇቸው ከስድሳዎቹ አንዱ ነው። ሌላው «አባ ኖላዊ…» አለና በሬው ትዝ ብሎት ዋጠው። አንዲት አሮጊት «አባ ይምርሐ ይሸከሙ፤ ለማንም ያተረፉት ነገር የለ» አሉ። ጎረቤታቸው መለሱላቸው። «ታዲያ እንዲያ ከሆነ ይቅርታው ለምን ለእሳቸው ይሰጣል?» በተመለሰው በሬ ያረሰው፣ ባልተቃጠለው ጣራ ሥር ያደረው ያ ሁሉ ሰው፣ እንደ አባ ይምርሐ መሬት መሬቱን አየ።

እናንተ ግን በሬም ጎጆም አልተረፈላችሁምና አፋችሁ አይታሰር። ሴትዮዋ ቆማለች፤ ደጁ ዝግ ነው። ደወሉን ካቆሙት፣ ምሕረቱን ካዘገዩት፣ ቋጠሮውን ከፈቱት አባቶች መካከል ድንጋዩን መሸከም የሚገባው ማን ነው? ይቅርታውስ የሚገባው ለእሱ ነውን?