ማሩ፣ ደረሰ፣ ወይስ እውነቱ

በአንድ ወቅት፣ «ስኳር የከተማ ሰው በሽታ ነው» መባሉ ቀርቶ የገጠሩንም በር ማንኳኳት በጀመረበት ዘመን፣ አቶ ወልደየስ የሚባሉ ንብ አርቢ ሽማግሌ ነበሩ። የአገሩ ማር ሁሉ ከእሳቸው ቀፎ ይቆረጣል፤ ስኳር ይዟቸዋልና እሳቸው ጣታቸውን እንኳ መላስ አይፈቀድላቸውም። በዚህ ከማንም በላይ የሚስቁት ራሳቸው ነበሩ። በየማለዳው አንዲት ነጭ ክኒን ይውጣሉ፤ ቀጠሯቸው ሲደርስ ወደ ወረዳው ሆስፒታል ሄደው ይታያሉ፤ ተመልሰው ከንቦቻቸው ጋር ይውላሉ።

ያን ክረምት ትንሿ ልጃቸው አትጠገብ፣ ስንት ዓመት ደጅ ጠንታ፣ ወንድ ልጅ ወለደች። በዚያ ቤት ወግ የልጅ ስም የሚያወጣው አያት ነው፤ ስሙም ክርስትና በሚነሳበት ዕለት በእንግዳ ፊት ይነገራል። አቶ ወልደየስ ከደስታቸው ብዛት ስም ሲያማርጡ፣ ያማረጡትን ሲጥሉ ሰነበቱ።

ክርስትናው ሳይደርስ ፍልሰታ ገባ። ሽማግሌው ጾም አጥባቂ ናቸው፤ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል በአፋቸው አይዞርም። ክኒናቸውን ግን እንደ ወትሮው በማለዳ ይውጣሉ። «ሐኪሟ ጠዋት ጠዋት ብላኛለች፤ መድኃኒት ጾም አይገድፍም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ክኒኗ ግን ምግብ ትፈልግ ነበር። ሰው ሲጾም ክኒን አብራ እንደማትጾም ማንም አልነገራቸውም።

አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ጋቢያቸውን ሲያጣፉ ደጃፋቸው ላይ ተብረከረኩ። ላብ አጠመቃቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ልጃቸውን እንጉዳይን በሟች እናታቸው ስም ይጠሯት ጀመር። ወደ ቅዳሴ የሚያልፈው ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። «ስኳሩ ወጣበት! የሽፈራው ቅጠል አፍልታችሁ አጠጡት!» አለ አንዱ። «አብሽ ይሻላል!» አለች ሌላዋ።

እንጉዳይ ግን አንድ ቀን አባቷን ለቀጠሮ ስትሸኝ ነርሷ ያስተማረችውን ሰምታ ነበር። «ላብና መንቀጥቀጥ ካያችሁ፣ ሰውየውም ከቀባዠረ፣ ስኳሩ ወርዶ ይሆናልና ጣፋጭ ስጡት» ነበር ያለችው። እንጉዳይ ወደ ጓዳ ሮጠች። ለክርስትናው ጠጅ የታሸገውን የማር እንስራ ክዳን ገንጥላ በጣሳ በጠበጠች። ጎረቤቶቹ በሩን ዘግተው ያዟት።

«ለስኳር በሽተኛ ማር? አባትሽን ልትገድይ ነው?»

«ከገደልኩት እኔን ስቀሉኝ፤ አሁን ግን መንገዱን ልቀቁ!» አለች። በክርኗ ሰው ገፍታ፣ ቀስ እያለች አጎነጨቻቸው። ጥቂት ቆይቶ ሽማግሌው ዓይናቸው ጠራ፣ ከንፈራቸውን ላሱ፣ እንዲህም አሉ፦ «ማን ነው የክርስትናውን ማር የከፈተው?» ሴቶቹ ሁሉ እልል አሉ። ከሁሉ አስበልጣ እልል ያለችው ቅድም «አብሽ» ስትል የነበረችው ናት።

አቶ ወልደየስ በዚያው ተነስተው እጃቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዘረጉና ቃል ገቡ። «ለዚህ ልጅ ክርስትና በእግሬ ሄጄ እንድቆም ያደረሰኝ ሰው፣ ስሙን እሱ ያውጣ!» አሉ። ከዚያን ዕለት ወዲህ ነው እንግዲህ ጣጣው።

በማግስቱ የሐኪም ቀጠሯቸው ነበር። ሽማግሌው አልሄድም ብለው አልጋቸው ላይ ተከናነቡ። «ታላቅ ወንድሜ የስኳር መርፌ በጀመረ በዓመቱ ሞተ። መውደቄን ከሰማች መርፌ ታዝልኛለች። መርፌውም ይቅር፣ ሐኪሟም ትቅር!» አሉ። አትጠገብ ሕፃኑን ታቅፋ መጥታ ለመነቻቸው። የነፍስ አባታቸው መከሩ። ሽማግሌው ወይ ፍንክች።

የበኩር ልጃቸው ይትባረክ አናጢ ነው፤ ቃሉ ጥቂት፣ ጫንቃው ሰፊ። «አባዬ፣ በእግርህ ትሄዳለህ ወይስ በጀርባዬ?» አለ።

«በሬሳ ሣጥን!»

«እሱን እኔው ስለምሠራው አይቸኩልም» አለና ከነጋቢያቸው አንስቶ አዘላቸው። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ባጃጁ ሁሉ ከአስፋልቱ ጫፍ ቆሟል። ይትባረክ እስከ ጉልበቱ እየሰጠመ፣ አባቱ ጭራቸውን መዘው ጭንቅላቱን እየጠበጠቡት፣ «አውርደኝ፣ ሰው ያየኛል!» እያሉት፣ «ይይህ!» እያለ ተጓዘ። የማያምንበትን ነገር አባቱን ተሸክሞ የሚያደርግ ሰው እንደሌለ ገባቸውና፣ ሽማግሌው ከመንገዱ እኩሌታ በኋላ ጭራቸውን ወደ ዝንቦቹ መለሱ።

ወዳጃቸው ጋሽ ልየው ይህን አይቶ ዣንጥላውን ይዞ እየሳቀ ተከተለ። ጋሽ ልየው የዕድሩ ዳኛ ነው፤ ስንቱን ሰው «ጥፋትህን እመን» ብሎ ያስማለ፣ እሱ ግን ሲሳሳት ታይቶ የማያውቅ። ሁለቱ ወዳጆች ከልጅነታቸው ጀምሮ ያልተካፈሉት ነገር የለም፤ በሬ ተቀናጅተዋል፣ ጋቢ ተዋውሰዋል፣ ስኳሩ ራሱ የያዛቸው ተከታትሎ ነው።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሟ ዶክተር ትርሲት የደማቸውን ስኳር ለካች፤ የወትሮውን ጥያቄም ጠየቀች። «መድኃኒቱን መቼ ይወስዳሉ፣ አባባ? ከምግብ ጋር ነው?» የመውደቃቸውም የጾሙም ነገር ወጣ። ራሷን ነቀነቀች፤ ግን አልረካችም። «እኔ ያዘዝኩት ትንሽ ነው። ከጾሙ ጋርም ቢሆን ይህን ያህል አያወርደውም። ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ምንም የለ» አሉ ሽማግሌው፤ በዓይናቸውም ወደ በሩ፣ ወደ ጋሽ ልየው ጠቀሱ።

«እንግዲያው ምክንያቱ እስኪታወቅ እዚሁ አልጋ ይይዛሉ።»

«ልጄ፣ እሑድ ክርስትና አለብኝ!»

«ለእሑዱ ክርስትና አይደርሱም፣ አባባ። እንዲህ ሆነው ቤት ብሰድዎ ሌላ ጊዜ ወድቀው ላይነሱ ይችላሉ።»

ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ጋሽ ልየው በሩ ላይ ዣንጥላውን ሦስቴ ከፈተ፣ ሦስቴ ዘጋ። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም፤ ወዳጁም ራሳቸው ዝም በል ብለው ጠቅሰውታል። በኋላ ከኪሱ በመሐረብ የተቋጠሩ አረንጓዴ ክኒኖች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ለእኔ ከተማ የታዘዘልኝ ነው። ተስማምቶኝ ነበርና፣ ፍልሰታ ከገባ ጀምሮ ለእሱም አካፍለው ነበር። በነጩ ላይ ይደርበዋል።»

ዶክተሯ አንዱን አንስታ አየችና ሳቋ አመለጣት። «ይኸ ያው የእሳቸው መድኃኒት ነው፤ ፋብሪካው ሌላ ስለሆነ ቀለሙ ተለየ እንጂ! እጥፍ ሲውጡ ኖረዋል።» ከዚያም ሁለቱን ሽማግሌዎች አጠገብ ላጠገብ አስቀምጣ እንደ ተማሪ ቆጣቻቸው። የሰው መድኃኒት እንዳይቀማመሱ፣ ያለ ምግብ እንዳይውጡ አለች። የነጯንም መጠን ቀነሰች። መርፌም የለ፣ መተኛትም የለ፣ እሑድም ደረሰ።

እሑድ አቶ ወልደየስ የነፍስ አባታቸው እንዳዘዟቸው ማለዳ ቁርሳቸውን ቀምሰው፣ ክኒናቸውን ውጠው፣ ሰው ሳይደግፋቸው የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ወጡ። ልጁ ክርስትና ተነሳ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ፤ ጠጁ ብቻ ማሩ ጎድሎበት ትንሽ ቀጥኗል። እንግዳው «ስሙ ማን ተባለ?» ሲል ሽማግሌው ቃላቸውን ነገሩ፤ እንጉዳይ፣ ይትባረክና ጋሽ ልየው ሦስቱም ተነሱ።

«ማሩ ይባላል» አለች እንጉዳይ። «ያን ዕለት ማሩን ባልከፍት፣ ይህ ድንኳን የለቅሶ ነበር። የሞተ ሰው ሐኪም ዘንድ አይታዘልም።»

«ደረሰ ይባላል» አለ ይትባረክ። «ማሩ አነቃው እንጂ አላዳነው። ቤት ቢቀር ከተኛበት ተነስቶ ሁለቱንም ክኒን ይውጥ ነበር።»

«እውነቱ ይባላል» አለ ጋሽ ልየው። «አንተ ካዘልከው በኋላ እኔ ባልናገር ሆስፒታል አልጋ ላይ ይውል ነበር። ከአልጋ አስነስቶ እዚህ ያመጣው የእኔ ቃል ነው።»

«ጋሽ ልየው፣ እርስዎ ባይሰጡትማ መች ይወድቅ ነበር?» አለች እንጉዳይ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ለዚያ ነው መናገሩ የከበደኝ። አንቺ ስትሮጪ ሰው አመሰገነሽ፤ እኔ ስናገር ዕድሩ ሁሉ ሰማብኝ።»

አንዱ እንግዳ «ስሙስ ለሐኪሟ ይገባል!» ቢል፣ ተጋብዛ የመጣችው ዶክተር ትርሲት እጇን አወናጨፈች። «እኔ ሥራዬን ነው የሠራሁት፤ እኔን ተዉኝ፣ ጠጁን አምጡ» አለች። አቶ ወልደየስ ሕፃኑን ታቅፈው ሦስቱን በየተራ አዩ፤ ሦስቱንም ይወዳሉና አንዱን መምረጥ አቃታቸው። እንግዳው ሦስት ቦታ ተከፍሎ ተከራከረ፤ ድንኳኑ ፈርሶ እንኳ ክርክሩ አልፈረሰም።

አያቱ ዛሬም ነጯን ክኒን ከቁርስ ጋር ይውጣሉ፤ የልጅ ልጃቸውም ድክ ድክ እያለ ቀፎ ለቀፎ ይከተላቸዋል። እናቱ እስከ ዛሬ «ማሙሽ» ነው የምትለው። ትምህርት ቤት ሳይገባ ግን ስም ያስፈልገዋልና፣ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፦ ሽማግሌውን በእግራቸው ለክርስትናው ያደረሳቸው ማን ነው? ማር ያጎነጨቻቸው፣ በጀርባው የተሸከማቸው፣ ወይስ ጥፋቱን የተናገረላቸው? ልጁንስ ማን ብለን እንጥራው?