ተራ የያዘው መስኮት

ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ደሜን ያፈላውን ነገር ልንገራችሁ። አስካለች የፈለገችው አንዲት ትኬት ብቻ ነው። ልጇን ስንዱን ምጥ ይዟታል፣ የመጀመሪያዋ ነው፣ "እናቴን ጥሩልኝ" ብላለች። የመጨረሻው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል።

የመናኸሪያው ትኬት መስኮት ላይ ደርሳ "የኔ ልጅ፣ ቶሎ ቁረጥልኝ" አለችው ቆራጩን። ቆራጩ ማተሚያውን አዘዘው። ማተሚያው "ስክሪኑ ወንበር ካላሳየኝ አላትምም" አለ። ለአንዲት ብጣቂ ወረቀት!

"አንተ ስክሪን፣ ወንበር አሳይ እንጂ፤ ማተሚያው አላትምም አለ፤ ልጄ ምጥ ላይ ናት።" ስክሪኑ "ሰርቨሩ ካልመለሰልኝ አላሳይም" አለ። ሰርቨር የሚሉት ጓዳ የተቀመጠውን ኮምፒውተር ነው፤ የትኛው ወንበር እንደተያዘ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ጓዳ ዘለቀች። "አንተ ሰርቨር፣ መልስ እንጂ፤ ስክሪኑ አላሳይም አለ፤ ማተሚያው አላትምም አለ፤ ልጄ ምጥ ላይ ናት።"

"ሁለተኛው መስኮት መስመሩን ይዟል። እሱ ሳይጨርስ ለሌላ አልመልስም፤ የተሠራሁት እንዲህ ነው።"

"ምን እያለህ ነው?"

"ምንም። ዝም ብሏል።"

አያናድድም? ዝም ያለውን ሲያዳምጥ ሀገር ተሰልፎ ይጠብቃል።

ሁለተኛው መስኮት ሰው የለውም። ተረፈ የሚባለው የዚያ መስኮት ቆራጭ ጠዋት መስመሩን ከፍቶ፣ ሰልፍ ላይ ድንጋይ አስቀምጦ እንደሚሄድ ሰው፣ ምሳ ወጥቷል። ሽሮውን ሲያጣጥም ደረሰችበት። "አንተ ተረፈ፣ መስመሩን ልቀቅ፤ ሰርቨሩ አልመልስም አለ፤ ስክሪኑ አላሳይም አለ፤ ማተሚያው አላትምም አለ፤ ልጄ ምጥ ላይ ናት።"

"እማማ፣ ከለቀቅኩ ተራዬ ይሄዳል፤ አልለቅም። ይድነቃቸውን ያናግሩት፤ ሰርቨሩን የሠራው እሱ ነው" አለና ጎረሰ። ደግሞ እኮ ትልቅ ጉርሻ ነው።

ይድነቃቸው ቢሮው ውስጥ ተቀምጧል። "አንተ ይድነቃቸው፣ ሰርቨርህን አስተካክል፤ ተረፈ አልለቅም አለ፤ ሰርቨሩ አልመልስም አለ፤ ስክሪኑ አላሳይም አለ፤ ማተሚያው አላትምም አለ፤ ልጄ ምጥ ላይ ናት።"

"ምንም አልሆነም እኮ እማማ፤ አንድ በአንድ ነው የሚያስተናግደው። ተራዎን ይጠብቁ።"

አስካለች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች። ለስንዱ ደወለችና ስልኩን እጁ ላይ አስቀመጠችለት። "እኔስ ልጠብቅ። ምጡንም ተራ ጠብቅ በለዋ።"

ከስልኩ ውስጥ ስንዱ ስታቃስት ተሰማ። ይድነቃቸው አንገቱን ደፋ።

ኪቦርዱን ሳበ። ሰርቨሩን በር ላይ ቆሞ መጪውን ሁሉ እንዲቀበል ብቻ አደረገው፤ ለእያንዳንዱ መጪ የራሱን አስተናጋጅ መደበለት፤ ትሬድ ይሉታል በሙያቸው። አንድ ወንበር ለሁለት ሰው እንዳይሰጥ ብቻ፣ ወንበር ሲያዝ አንዱ ሌላውን ለአፍታ እንዲጠብቅ አዘዘ። ከዚያ አጥፍቶ አስነሳው። የሁለተኛው መስኮት ኮምፒውተር በራሱ ተመልሶ መስመሩ ላይ ገባና እንደልማዱ ዝም አለ። ይበል፤ አንዱ ትሬድ ቁጭ ብሎ ያዳምጠው።

ያኔ ሰርቨሩ መለሰ፣ ስክሪኑ አሳየ፣ ማተሚያው አተመ፣ ቆራጩ ቆረጠ፣ አውቶቡሱ አስካለችን ይዞ ወጣ።

ተረፈ ገና አልተመለሰም። ስንዱ ግን የእናቷን እጅ ጨብጣ ወለደች።